ያረጀ ሕንፃና የተረሳ ሕንፃ፦ የከተማ አስተዳደር ሕንፃዎችን ሁኔታና የጥገና ፍላጎት ስለ መመርመር



 የተሰጠኝ ርእስ የከተማ አስተዳደር ንብረት የሆኑ ሕንፃዎች ሁኔታና የጥገና ፍላጎታቸው እንዴት እንደሚመረመር ማስረዳት ነው። ርእሱ ደረቅ መሆኑን አልክድም። ስለ አዲስ ሕንፃ ንድፍ ቢሆን ኖሮ የምታዩት ሥዕል ይዤላችሁ እመጣ ነበር፤ ስለ ጥገና የሚናገር ሰው ግን የሚያሳየው የዛገ አሸንዳና ያበጠ ልስን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ታናናሾቻችሁ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ክትባት የተከተባችሁበት ጤና ጣቢያ፣ መታወቂያ ያወጣችሁበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከመካከላችሁ የአንዳንዶቻችሁ ወላጆች የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ ርእስ ውስጥ ናቸው።

በሥራዬ አጋጣሚ ያነበብኋቸው ብዙ የምርመራ ዘገባዎች «ሕንፃው በእርጅና ምክንያት ለአገልግሎት ብቁ አይደለም» በሚል ዓረፍተ ነገር ይደመደማሉ። እኔም ራሴ በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ዛሬ የምሟገተው ከዚሁ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ጊዜ ብቻውን ግንብ አያፈርስም። የሚያፈርሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ የገባው ውኃ፣ የተንቀሳቀሰው አፈር፣ የዛገው ብረት፣ ምስጥ የበላው እንጨትና ይህን ሁሉ እያየ ያለፈው ኃላፊ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል መኖሪያ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ጎብኚ ያስተናግዳል። በአንጻሩ አሥረኛ ክረምታቸውን ሳያዩ ኮርኒሳቸው የረገፈ መማሪያ ክፍሎች አይቻለሁ። የመርማሪው ዋና ሥራ ያረጀውን ሕንፃ ከተረሳው ሕንፃ መለየት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱ ከመንገድ ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉና፤ የሚያሻቸው ውሳኔ ግን የተለያየ ነው።

ምርመራ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ከተማው ምን ምን ሕንፃ አለው? መቼ፣ በምን ቁሳቁስ ተሠራ? ንድፉ የት አለ? ከዚህ በፊት ማን ምን ጠገነው? ይህ ቀላል ጥያቄ በአዲስ አበባ ቀላል መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ታሪካዊ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች በቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር እንዲተዳደሩ ተደረገ። ከተማው በአንድ ቀን ራሱ ያልሠራቸው፣ ንድፋቸውን የማያውቃቸው፣ አብዛኞቹ በባሕር ዛፍና በጭቃ የቆሙ እጅግ ብዙ ቤቶች ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ኪራዩም በአዋጁ ተቀንሶ ለረጅም ዓመታት ባለበት ቆየ። ተከራዩን ከጠቀሙት እርምጃዎች አንዱ ይህ እንደ ነበር ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከዚህ ኪራይ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚቀየርበት ገንዘብ ሊወጣ እንደማይችል ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያሻም። ተከራዩ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ ብዙ ወጪ አያደርግበትም፤ ባለቤቱ ደግሞ ገቢ ስለማያገኝበት አይጠግነውም። መሐል ላይ ቤቱ ዝም ብሎ ይረሳል።

በመዝገብ ላይ «አንድ ክፍል ከነማዕድ ቤቱ» ተብሎ የሰፈረው ቤት በቦታው ስትደርሱ በየዘመኑ የተቀጠሉ ሦስት ክፍሎች ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቅጥያው የጎረቤቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ የጣሪያው ውኃ ወደ ዋናው ቤት ግድግዳ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው መለካትና መሳል ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን እንደ ተላላኪ ሥራ ሲንቁት አያለሁ፤ እኔ ግን በሥራዬ ካገኘኋቸው ግኝቶች ግማሹን ያገኘሁት ሜትር ይዤ ስዞር ነው።

አሁን ወደ ውኃ ልመለስ፤ ከሁሉም ጉዳት አብዛኛው ከእርሱ ስለሚጀምር ረዘም ያለ ጊዜ ልውሰድበት። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አንድ መጠነኛ የመማሪያ ሕንፃ 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው እንበል። በዓመት በዚያ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ውኃ 360 ሜትር ኩብ ነው፤ በባለ 200 ሊትር በርሜል ብንሰፍረው 1,800 በርሜል ይሆናል። አሸንዳው ደህና ከሆነና የመውረጃ ቱቦው ካልተደፈነ ይህ ሁሉ ውኃ ሕንፃውን ሳይነካ ወደ ቦይ ይሄዳል። አሸንዳው በአንድ ቦታ ከተገነጠለ ግን ከዚያ ሁሉ በርሜል ብዙው በአንድ የግድግዳ እግር ላይ ክረምት ከክረምት ሲፈስ ይኖራል። ልስኑ ያብጣል፣ የግንቡ ጭቃ ወይም ስሚንቶ ይታጠባል፣ መሠረቱ ሥር ያለው አፈር ይለሰልሳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚመጣው መርማሪ ስንጥቁን አይቶ «የመሠረት ችግር» ብሎ ይጽፋል፤ ለመሠረት ማጠናከሪያም ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል። አሸንዳው ግን እንደ ተገነጠለ ይቀራል።

በዚህ ነገር ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት። ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ የቀበሌ ቤቶች ስንመረምር ከአንድ የጭቃ ቤት ገባሁ። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል። እኔም ወዲያው ቀና ብዬ የጣሪያውን ምስማሮች መቁጠር ጀመርሁ። የቤቱ ባለቤት፣ ማለቴ ተከራይዋ፣ ጥቂት ከታገሱኝ በኋላ «ልጄ፣ ላይ ላዩን ምን ታያለህ? ውኃው የሚመጣው ከታች ነው» አሉኝ። «እንዴት ሆኖ፣ እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከጀርባ ወስደው አሳዩኝ። መንገዱ በድንጋይ ሲነጠፍ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ነበር፤ ቦይ አልተሠራለትም፤ የሰፈሩ ጎርፍ በሙሉ ወደ እርሳቸው ግቢ ያዘነብል ነበር። ቤቱን ያበላሸው ከቤቱ ውጭ የተሠራ የልማት ሥራ ነው። በምርመራ ቅጻችን ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ለነዋሪው፣ ለጥበቃው ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ ቃል የተተወ ነው። ባልዲውን በየትኛው ጥግ እንደሚያስቀምጡ ጠይቋቸው፤ የጣሪያውን ካርታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግሯችኋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ምርመራ መቼ ይካሄድ የሚለው ጥያቄ ነው። በልማድ መርማሪዎች የሚወጡት በበጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ። በጥር የተመረመረ ጣሪያ ግን አያፈስም! ጣሪያና ፍሳሽ መመርመር ያለባቸው በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ እየወረደ ነው። በአንጻሩ በቦሌና በአቃቂ በኩል ሰፊ ቦታ የሚይዘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ የቆመ ሕንፃ ስንጥቅ በክረምትና በበጋ ስፋቱ ይለያያል። አንድ ጊዜ ብቻ የለካው ሰው ስንጥቁ እየተንቀሳቀሰ ይሁን ወይም ያረፈ ይሁን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በክረምት አንዱን በበጋ መጨረሻ፣ በዚያው ምልክት በተደረገበት ነጥብ ላይ መለካት ያስፈልጋል። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ስንጥቁን ተሻግሮ የተለጠፈ ምልክትና በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ ይበቃል። የሚጠፋው መሣሪያው ሳይሆን በስድስተኛው ወር ተመልሶ የሚሄደው ሰው ነው።

የኮንክሪት ሕንፃዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትና የእርሱ ዘመን የኮንክሪት ሕንፃዎች ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በጤናማ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ብረት አይዝግም፤ በዙሪያው ያለው አልካላይን ይጠብቀዋልና። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይህን ጥበቃ ያሳጣዋል። የሚዘልቀው ጥልቀት በግምት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 10 ሚሊ ሜትር ከገባ፣ 20 ሚሊ ሜትር ለመድረስ 40 ዓመት ይፈጅበታል። ብረቱ የተሸፈነበት ኮንክሪት ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ከሆነና 30 ከሆነ በመካከላቸው ያለው የዕድሜ ልዩነት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። የግንበኛ ቸልተኝነት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ ታያላችሁ። ጥልቀቱን ለማወቅ ኮንክሪቱን በጥቂቱ ፈልፍሎ ፌኖልፍታሊን የተባለውን ፈሳሽ መርጨት ነው፤ ጤናማው ክፍል ሐምራዊ ይሆናል፣ ጥበቃውን ያጣው ቀለም አይዝም። ጥበቃው ከጠፋ በኋላ ዝገቱን የሚያፋጥነው አሁንም ውኃ ነው። የዛገ ብረት ከቀድሞው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይፈነቅለዋል። በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲደረግ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ገና ያልወደቀ፣ ነገር ግን የሚወድቅ ነው።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ የሕንፃ ሁኔታ አመልካች ነው፤ ስሌቱም ሳይሠራ የቆየው ጥገና የሚጠይቀው ወጪ ለሕንፃው የመተኪያ ዋጋ ሲካፈል ማለት ነው። ለምሳሌ ሕንፃውን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት 40 ሚሊዮን ብር ቢፈጅና የተጠራቀመው ጥገና 6 ሚሊዮን ቢሆን አመልካቹ 15 በመቶ ይሆናል። በተለመደው ሚዛን ከ5 በመቶ በታች ጥሩ፣ ከ5 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ10 በላይ ደካማ ይባላል። ይህ መለኪያ ለምክር ቤት አባልና ለፋይናንስ ኃላፊ በአንድ ቁጥር መናገር ስለሚያስችል ጠቃሚ ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን እንዴት እንደሚያሳስት ልንገራችሁ።

ባለ 15 በመቶው ሕንፃ ያለበት ችግር የተላጠ ቀለም፣ ያለቀ የወለል ንጣፍና የተሰበሩ መስኮቶች ሊሆን ይችላል። ሌላው 3 በመቶ ብቻ የተመዘገበበት «ጥሩ» ሕንፃ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተነቃነቀ የበረንዳ መደገፊያ ይኖረዋል። መደገፊያውን ለማጥበቅ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩን ከፍ አያደርገውም። አመልካቹ የሚለካው ወጪን እንጂ አደጋን አይደለም።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። አንድ ትምህርት ቤት መርምሬ ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ነጥብ ሰጥቼ አማካዩን አወጣሁና «መካከለኛ» ብዬ ጻፍሁ። በደረጃው መግቢያ በላይ ባለው የሶሌታ ጫፍ ላይ ልስኑ ማበጡን አይቻለሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም ላይ አለ። በአማካዩ ውስጥ ግን ጠፋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወቅት፣ የዚያ ጫፍ ልስንና ኮንክሪት ተፈንቅሎ ወረደ። የወደቀው ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው በሚገቡበት ቦታ ላይ ነው። ማንንም አልጎዳም። ዘበኛው ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ዘገባውን ከመሳቢያ አውጥቼ «መካከለኛ» የሚለውን ቃል ለረጅም ጊዜ ስመለከት ቆየሁ። ቃሉ በሒሳብ ረገድ ስሕተት አልነበረበትም።

ሌሎች ከተሞች ከዚህ የከፋውን ከፍለው የተማሩት ነገር አለ። በኒው ዮርክ በ1979 እ.ኤ.አ. ከሕንፃ ፊት የወደቀ ስብርባሪ አንዲት የኮሌጅ ተማሪን ገደለ። ከተማው በሚቀጥለው ዓመት ከስድስት ፎቅ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች የፊት ግድግዳቸው በየአምስት ዓመቱ እንዲመረመር በሕግ ደነገገ። በዛሬው አሠራር መርማሪው የሚሰጠው ፍርድ ከሦስት አንዱ ነው፦ አስተማማኝ፣ አደገኛ፣ ወይም በተወሰነ ጊዜ ከተጠገነ አስተማማኝ። አማካይ የሚባል ነገር የለም። ከሕንፃው አንድ ጥግ ብቻ አደገኛ ቢሆን ሕንፃው አደገኛ ተብሎ ወዲያው ይታወጃል፣ መንገደኛውም መከለያ ይሠራለታል። እኛም የፎቁን ብዛት ሳይሆን ይህን የአፈራረጅ ዘዴ ብንወስደው ይበጀናል። በእኔ አሠራር ዛሬ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች አሉ፤ አንዱ ወጪውን የሚናገረው የዓመት ዘገባ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ቀን ለኃላፊው በእጁ የሚሰጥ የአደጋ ማስታወቂያ ነው፤ የተረከበበትም ፊርማ ይያዛል።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልበል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ለመንግሥት ሕንፃዎች ጥገና በየዓመቱ ከጠቅላላው የመተኪያ ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንዲመደብ መክሮ ነበር። ቁጥሩ ለእኛ እንደ ወንጌል የሚወሰድ አይደለም፤ የእኛ የሠራተኛ ክፍያና የቁሳቁስ ዋጋ ሌላ ነው። ነገር ግን ባለ 40 ሚሊዮን ብሩ ሕንፃ በዓመት 800,000 ብር እንኳ ሳይመደብለት ሲቀር፣ የቀረው ገንዘብ ተቆጠበ ማለት ሳይሆን ብድር ሆነ ማለት እንደሆነ ያስታውሰናል። ወለዱን የሚከፍለው በሚቀጥለው ዘመን የሚመጣ ከንቲባ ነው።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የገንዘቡ ወቅት ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። በጀቱ የሚለቀቀው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ በዝናብ ጣሪያ አይከፈትም። ከዚያ ጨረታው ይወጣል፣ ይታሰባል፣ ይዘገያል። ሥራው በጥድፊያ የሚጀመረው ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን በግንቦትና በሰኔ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ተመልሶ ጠቁሯል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ልስን የሚለሰነው፣ ባልደረቀ ልስን ላይ ቀለም የሚቀባው ስለዚህ ነው። ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የምርመራውን ጊዜ በማስተካከል ግን ይህን ብዙ ማሻሻል ይቻላል። ክረምቱ ውስጥ የታየው ጉዳት በጥቅምት ተሰልቶ ዝርዝሩና ዋጋው በኅዳር ካለቀ፣ አነስተኛው ጥገና በዚያው በጋ በተያዘው በጀት ይሠራል፤ ትልቁ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄ በሰዓቱ ይደርሳል።

በመጨረሻ በብዙ ዘገባዎች ውስጥ ያላየሁትን አንድ ሰንጠረዥ ላንሳ። ገንዘብ ሁልጊዜ ከፍላጎት ያንሳል፤ ስለዚህ በየዓመቱ የማይጠገኑ ነገሮች ይኖራሉ። እነዚህን በስም ዘርዝሮ፣ ዘንድሮ ያልተጠገነበትን ምክንያትና በመዘግየቱ የሚጨምረውን ወጪ ጎን ለጎን ጽፎ ማስፈረም ያስፈልጋል። ኃላፊዎች ይህን ሰንጠረዥ አይወዱትም፤ ለምን እንደማይወዱት ይገባኛል። ይሁንና ሰንጠረዡ ከሌለ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው መርማሪ የሚያየው የፈራረሰ ቤት ብቻ ነው፤ «አርጅቷል» ብሎም ይጽፋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሰፋፊ የመልሶ ማልማት ሥራዎች እየተካሄዱ ባሉበት ጊዜ ይህ ቃል ክብደት አለው። መፍረስ ያለባቸው ቤቶች አሉ፤ በጎርፍ መንገድ ላይ የቆመ፣ መጸዳጃ የሌለው፣ ማገሩ በምስጥ ያለቀ ቤት ተጠግኖ እንዲቆይ የምሟገት ሰው አይደለሁም። ሆኖም በውስጡ ለሚኖረው ቤተሰብ ውሳኔው ከዕድር፣ ከጉርብትናና ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ላለ ውሳኔ መሠረት የሚሆነው ወረቀት ቤቱ ሊጠገን ይችል እንደሆነ፣ በስንት ብርም እንደሚጠገን፣ ሳይጠገንም ስንት ዓመት እንደቆየ መናገር አለበት።

የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በመጪው ሐምሌ ለመስክ ልምምድ እንደምትወጡ ከመምህራኖቻችሁ ሰምቻለሁ። ዣንጥላ፣ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻና ሜትር ያዙ። አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ምረጡና ዝናቡ እየወረደ ሳለ ግቡ፤ ከርእሰ መምህሩ በፊት ዘበኛውን አነጋግሩ፤ ምልክት ያደረጋችሁበትን ስንጥቅ በየካቲት ተመልሳችሁ ለኩት። የመጀመሪያውን ልኬት ብቻ ይዞ የሚመጣ ቡድን እኔ ዘንድ ነጥብ እንደማያገኝ ከወዲሁ ይወቅ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።